ሳትቆርጡኝ ንገሩኝ

ጥር 4

እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ትናንት ስልኩን ጆሮሽ ላይ ስለዘጋሁት ይቅርታ። ይቅርታው ስለ መዝጋቱ ብቻ ነው፤ ስላልኩት ነገር አይደለም። በስልክ ሁለታችንም እየጮኽን ማን ምን እንዳለ አይለይም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ጉዳይ በደብዳቤ እንጣላ። ወረቀት ቢያንስ እስክጨርስ ያስጨርሰኛል።

ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድሚ "ፈረምሽ ወይስ አልፈረምሽም?" ነበር ያልሽኝ። አልፈረምኩም። ትልቁ ሐኪም ወረቀቱን ወደኔ ገፋ አድርጎ፣ "የካቲት 20 ማህፀንሽን እናወጣለን" አለኝ፤ ጥርስ ለማሳጠብ ቀጠሮ የሚሰጠኝ ነው የሚመስለው። "ምንድነው ያለብኝ?" አልኩት። "አውጥተን ስናየው እናውቀዋለን" አለኝ። እንዴ! ደግሜ ጠየቅኩት፣ ምናልባት አልገባኝ ይሆናል ብዬ። ደግሞ ያንኑ አለኝ፣ ያውም ሰዓቱን እያየ።

እትዬ ሙች፣ ደሜ ፈላ። እኔ እኮ ሰባት ዓመት ሙሉ ለውሃ መሥሪያ ቤት ቧንቧ ሳዳምጥ የኖርኩ ሴት ነኝ። ዘንጌን አስፋልት ላይ ተክዬ፣ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ከመሬት በታች የትኛው ቦታ ላይ እንደሚፈስ እናገራለሁ። ቆፋሪዎቹ ስሜን ትተው "ጆሮ" ነው የሚሉኝ። አንድ ሜትር ተሳስቼ ያስቆፈርኩ ቀን ሳምንቱን ሙሉ መሳቂያቸው ነኝ። ይሄ ሰውዬ ግን ሆዴን ከፍቶ "እስቲ ምን አለ?" ሊል ነው፣ የሚስቅበትም የለም።

አልታመምኩም አላልኩም፤ ይሄን ልብ አድርጊልኝ። በወር አሥራ አንድ ቀን እደማለሁ። የሥራ ቦርሳዬ ውስጥ ከመፍቻው ጋር ሁለት መቀያየሪያ ሱሪ ይዤ ነው የምዞረው፣ ሁለቱም ጥቁር። ባለፈው ሐሙስ ቁርጠቱ ሲይዘኝ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ አንድ ሰዓት ሙሉ መነሳት አቃተኝ። ቆፋሪዎቹ ጃኬታቸውን አነጠፉልኝና ፊታቸውን አዙረው ቆሙልኝ፤ በዚህ ነገር አንድም ቀን አልቀለዱብኝም። በቀጭን ቱቦ ከውስጥ ናሙና ወስደው ካንሰር እንዳልሆነ አረጋግጠዋል። ካንሰር አይደለም፣ ታዲያ ምንድነው? የሚነግረኝ ጠፋ።

ሌላው። ባለቤቴ ጋ ደውለሽ "አሳምናት" ማለትሽን ነግሮኛል። ምስኪን የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ተማሪዎቹን ጫማችሁን እሰሩ ብሎ ማሳመን ያቃተው ሰው እኔን ሊያሳምን! ደግሞም "ልጅ አጓጉቷት ነው" ብለሽዋል። ለልጅ ብዬ አይደለም። ብወልድም ባልወልድም የኔ ነው። ምን እንደሆነ ሳይነገረኝ በጄ አልልም።

ያንቺው ሚጢ

ጥር 11

ሚጢ፣

ደህና ነኝ። በደብዳቤ እንጣላ ያልሽው ተስማምቶኛል፤ ጽሑፍሽ ግን ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው። ሐኪሙን ደግሞ "ሰውዬ" አትበያቸው። ሠላሳ ዓመት ያገለገሉ ሰው ናቸው፤ አንቱ በያቸው።

የደም ውጤትሽን ባልሽ ልኮልኛል፤ አትቆጪው። ሄሞግሎቢንሽ ሰባት ነጥብ ሁለት ነው፤ ጤነኛ ሴት ከአሥራ ሁለት በላይ አላት። በዚህ ደም አስፋልት ላይ መዋል ይቅርና ደረጃ መውጣት የለብሽም። አንቺ ደረቅ፣ ሳትፈርሚ ያሳለፍሽው እያንዳንዱ ወር ከዚህ ላይ ይቀንሳል። እኔ የምጮኸው ለዚህ ነው።

የሚደርስብሽ ነገር ስም አለው፤ ብጠረጥረው አዴኖማዮሲስ ነው። የማህፀን የውስጥ ሽፋን ቦታውን ትቶ ጡንቻው ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ያድጋል። በየወሩ ሽፋኑ ሲደማ እዚያ ጡንቻ ውስጥ የገባውም ይደማል፣ መውጫ ግን የለውም። ግድግዳው ያብጣል። ቁርጠትሽም ከዚያ ነው የሚመጣው።

ነገር ግን መጠርጠር ሌላ፣ ማወቅ ሌላ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በፓቶሎጂ ላብራቶሪ የሠራሁ ሰው ነኝ። ማህፀኑ በፎርማሊን ባልዲ ይመጣልኛል። እቆራርጠዋለሁ፣ በሰም እደፍነዋለሁ፣ ከወረቀት አሳስቼ መስታወት ላይ እዘረጋዋለሁ። አንብበው የሚፈርሙት አለቃዬ ናቸው፤ ከሳቸው በፊት ግን ማይክሮስኮፑ ሥር የማየው እኔ ነኝ። ይህን በሽታ ሳየው ሁልጊዜ በመስታወት ነው። ሌላ መንገድ ቢኖር ኖሮ በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ይገጥመኝ ነበር።

ደብዳቤውን በላክሽ ማግስት "አንቺ ይሄን ሕመም ታውቂዋለሽ ወይ?" ብለሽ በስልክ ለላክሽልኝ አጭር መልእክት መልሴ ይኸው፦ አይ፣ ሕመሙን አላውቀውም። እኔ የሐሞት ከረጢቴን እንጂ ሌላ ነገር ተቆርጦብኝ አያውቅም፤ ይሄንንም እማዬ ታውቃለች። ሁለተኛ እንዳትጠይቂኝ።

ፈርሚ።

እትዬ

ጥር 21

እትዬ፣

"እንዳትጠይቂኝ" ያልሽውን አልጠይቅሽም። እሺ አልኩ፣ ግን ከንፈሬን ነክሼ ነው።

ስሚኝማ ጉዱን። ከከተማው ማዶ ሌላ ሆስፒታል አልትራሳውንድ የምታነሳ አንዲት ሴትዮ አለች አሉኝ፤ ሄድኩ። ትንሽዬ ናት፣ ጋውኗ ላይ ሹራብ ደርባ ከረሜላ እየመጠጠች ነው የምትሠራው። ክፍሏ ከመጋረጃና ከአንድ አልጋ በቀር ምንም የለውም። "ሆድ ላይ አይደለም የምናየው፣ በታች በኩል ነው፤ ይቀርባል" አለችኝ። አፈርኩ እንጂ አላመመኝም። ካመመኝም ያመመኝ ራሱ የታመመው ቦታ ነው፤ እሷም ይሄን ነው የፈለገችው። "እዚህ ጋ? እዚህስ?" እያለች አርባ ደቂቃ ፈጀች። ከዚያ ስክሪኑን ወደኔ አዞረችው።

እትዬ፣ አየሁት! የኋላው ግድግዳ ከፊቱ እጥፍ ይወፍራል። መሐሉ ላይ ትንንሽ ጥቁር ነጠብጣቦች አሉ። ሽፋኑና ጡንቻው የሚገናኙበት መስመር ጥርት ማለት ሲገባው የለም፣ ጠፍቷል። "ሌሎቹ አምስት ደቂቃ ነው የሚያዩት። እጢ ይፈልጋሉ፣ እጢ ሲያጡ ደህና ነሽ ብለው ይሸኛሉ። እኔ ግድግዳውን ነው የማየው" አለችኝ። ወረቀቱ ላይ ያንቺኑን ቃል ጻፈችው፦ አዴኖማዮሲስ ይጠረጠራል፣ ኤምአርአይ ቢነሳ ይረጋገጣል። እዚያው አልጋው ላይ እንዳለሁ አለቀስኩ። አራት ዓመት ሙሉ "ነርቭ ነው፣ ጭንቀት ነው፣ ስትወልጂ ይተውሻል" ሲሉኝ ኖረው፣ አንዲት ሴት ግድግዳውን አየችው።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ትልቁ ሐኪም በረርኩ። "ግምት ነው" አለኝ። ኤምአርአዩን ጻፍልኝ ስለው "በ20 ለሚወጣ ነገር ወረፋ አላባክንም" አለኝ። አልወጣም ብዬ ወንበሩ ላይ ተደላድዬ ተቀመጥኩ። ሳልወጣለት ሲቀር ሳቀና፣ "እስቲ የፓቶሎጂ ሰዎችን ጠይቂ። ምስሉ ከመስታወቱ ጋር ይገጥማል ካሉሽ፣ ያኔ እንነጋገራለን" አለኝ። ልገላገላት ብሎ ነው እንጂ መልስ ይዛ ትመጣለች ብሎ አይደለም።

እኔ ደግሞ የፓቶሎጂ ሰው አለችኝ! ስለዚህ እጠይቅሻለሁ፣ እንደ እህት ሳይሆን እንደ ባለሙያ፦ ይገጥማል ወይስ አይገጥምም?

ሚጢ

ጥር 28

ሚጢ፣

የደም ማነስ ክኒኑን በባሱ ልኬልሻለሁ። ባዶ ሆድሽን ዋጪው፤ ከሻይ ጋር እንዳትወስጂው፣ አይሠራልሽም።

ለጥያቄሽ መልስ የለኝም። ላለመመለስ አይደለም፣ አላውቀውም። እኛ ጋ ምስል አይነበብም። የመጠየቂያው ወረቀት ሲመጣ አልትራሳውንዱ ተያይዞበት ከሆነ፣ መጀመሪያ የምናደርገው ነገር እሱን ገንጥሎ ጠረጴዛዬ ሥር እግሬን የማሳርፍበት ካርቶን ውስጥ መጣል ነው። አስቀድመን ካነበብነው ዓይናችን እሱ ያለውን ፍለጋ ይሄዳል። መስታወቱን በንጹህ ዓይን ማየት አለብን። ደንብ ነው፣ ጥሩ ደንብም ነው። ከዚያ በኋላ ካርቶኑን የሚከፍተው የለም።

ቀኑ እየቀረበ ነው። ባልሽ በ20 ፈቃድ ወስዷል ወይ?

እትዬ

የካቲት 3

እትዬ፣

ባሌ ፈቃድ አልወሰደም። ምን ሊያደርግ?

ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት። እስቲ በትክክል ገብቶኝ እንደሆነ ንገሪኝ። አንዷ ምስል ታነሳለች፣ ሌላዋ መስታወት ታያለች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለቱ አንድ ቀን እንኳ ጎን ለጎን ተቀምጠው አያውቁም። ምስሉ ደግሞ ያንቺው ጠረጴዛ ሥር፣ እግርሽን የምታሳርፊበት ካርቶን ውስጥ ነው ያለው። ከዚያ "ሌላ መንገድ ቢኖር ይገጥመኝ ነበር" ትይኛለሽ!

እትዬ፣ እኔ ካንቺ ጋ መታገል ሰልችቶኛል። አሁን እንደ ታናሽሽ ነው የምለምንሽ፣ አፈር ስሆን። መስታወቱን ካየሽ በኋላ ማንበብን የሚከለክል ደንብ አለ? የለም። ካርቶኑን ክፈቺው። ቁጥሩን ከቁጥሩ አገናኚው። የማይገጥም ከሆነ በ20 ጠዋት ራሴ ሄጄ እፈርማለሁ፣ ቃሌ ነው፣ ሁለተኛ ቃል አልተነፍስም። ከገጠመ ግን ጻፊልኝና ፈርሚበት።

አትፍሪ። ምን አስፈራሽ?

ሚጢ

የካቲት 9

ሚጢዬ፣

ምን እንዳስፈራኝ ጠየቅሽኝ። ይኸውልሽ።

ካርቶኑ አንድ አይደለም፣ ስምንት ነው። ሦስት ቀን ከሥራ በኋላ እየቆየሁ ወለሉ ላይ ተዘርግቼ ቁጥሩን ከመዝገቡ ጋር አስተያየሁ። ጉልበቴ አልቋል። ባለፉት አራት ዓመታት አልትራሳውንድ አንሺው "አዴኖማዮሲስ ይጠረጠራል" ብሎ በእጁ የጻፈባቸው ወረቀቶች አርባ አንድ ናቸው። ከነዚህ መስታወቱ ያረጋገጠው ሠላሳ አራቱን ነው። ምስሉ ምንም ሳይል መስታወቱ ያገኘባቸውም አሉ፤ እነሱንም አልደበቅኩም፣ ለብቻ ጽፌያቸዋለሁ። ምስል ሁሉን ያያል አልልም። ግን ያያል፣ ሚጢ። ግድግዳውን ያየ ሰው አይቶታል። ከእግሬ ሥር ነበር።

አራቱን ዓመት ጨርሼ ማቆም እችል ነበር። አላቆምኩም። የመጨረሻውን፣ ከሥር ያለውን ካርቶን ከፈትኩት፤ አንድ ቁጥር ፍለጋ።

እኔ የሐሞት ከረጢት አልወጣልኝም። የዛሬ አሥራ አራት ዓመት ያወጡልኝ ማህፀኔን ነው። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ላንቺ አልነገርኩሽም፣ ለእማዬም፣ ለማንም። "አውጥተን እናየዋለን" ነው ያሉኝ፣ ልክ እንዳንቺ። ፈረምኩ። ከሦስት ሳምንት ፈቃድ ስመለስ ባልዲው መደርደሪያዬ ላይ ተራውን እየጠበቀ ነበር። ባልዲ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አይጻፍም፤ ቁጥሩ የማን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ለሌላ ሰው መስጠት ነበረብኝ። አልሰጠሁም። በገዛ እጄ ቆረጥኩት፣ በገዛ ዓይኔ አየሁት። አዴኖማዮሲስ ነበር። "በቃ፣ አሁን ታወቀ" አልኩና ወደሚቀጥለው ባልዲ አለፍኩ። ሕመሙም ለቀቀኝ፤ ይሄን አልክድም፣ እስከ ዛሬም አልተመለሰም።

ካርቶኑ ውስጥ ያገኘሁት ቁጥር ያ ነው። አልትራሳውንድ ተያይዞበት ነበር። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ያነሳኝ ልጅ ከሥሩ ጽፎበታል፦ "የኋላ ግድግዳ ወፍራም፣ አዴኖማዮሲስ ይጠረጠራል።" ያኔ ሐኪሙ አላነበበውም። እኔም እንደ ደንቡ ገንጥዬ፣ ሳላየው ካርቶን ውስጥ ጣልኩት። በገዛ እጄ፣ ሚጢ!

ስለዚህ ነው "ፈርሚ፣ ፈርሚ" እያልኩ ያሰለቸሁሽ። ሳይቆረጥ ማወቅ የሚቻል ከሆነ እኔ ለምን ተቆረጥኩ? ይሄን ጥያቄ ከምጠይቅ አንቺ ብትቆረጪ ይቀለኝ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በእህት ላይ ይታሰባል? አስቤዋለሁ። ይቅር በይኝ።

ምናልባት ብጠየቅም ያኔ "አውጡልኝ" እል ነበር። ሕመሙ እሱን ያስብላል። ግን አልተጠየቅኩም።

ለሐኪሙ የጻፍኩት ደብዳቤ ከዚህ ጋር አለ። አለቃዬ አብሬ አልፈርምም ብለዋል፣ ብቻዬን ፈርሜበታለሁ። ሳትከፍቺው ስጫቸው። ወይም ክፈቺው፤ ብልሽም ባልልሽም ትከፍቺዋለሽ።

እትዬ

የካቲት 21

እትዬ፣

አልከፈትኩትም። የኔን ካነበብኩ በኋላ የሐኪሙን ደብዳቤ ቦርሳዬ ውስጥ ከመፍቻው ጋር ከተትኩት። ሁለት ቀን ሥራ አልሄድኩም። ባሌ "ደምሽ ነው?" ሲለኝ "አይ፣ የእህቴ ነው" አልኩት።

እንደማትተኚ ስለማውቅ ዋናውን ላስቀድም። ትናንት የካቲት 20 ነበር፣ ማህፀኔ እስካሁን አብሮኝ ነው።

በ12 ደብዳቤሽን ይዤ ገባሁ። ትልቁ ሐኪም ተማሪዎቻቸው ከበዋቸው ነበር፤ (አንቱ ብያቸዋለሁ፣ ደስ ይበልሽ።) ከፈቱትና ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። መጀመሪያ ለተማሪዎቹ መቀለጃ ሊያደርጉት ነበር፤ ከድምፃቸው ያስታውቃል። አርባ አንድ፣ ሠላሳ አራት እያሉ አነበቡ። ድምፃቸው እየቀነሰ መጣ። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ለራሳቸው አነበቡት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"'ከነዚህ ሌላ፣ ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ምስሉ ያወቀላት፣ ማንም ያላነበበላት አንዲት ሴት አለች፤ እኔ ነኝ' ይላል" አሉኝ። "እህትሽ ናት?"

"እህቴ ናት።"

"እንዴት ናት?"

"ተናዳለች" አልኳቸው።

"ይገባታል" አሉ። ኤምአርአዩን እዚያው ቆመው ጻፉልኝ።

በ18 ኤምአርአዩን ተነሳሁ። ያ አስተኝተው የሚያስገቡበት ቱቦ ውስጥ ያለው ድምፅ፣ የኔን የመሰለ ጆሮ ላለው ሰው ስቃይ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ የት እንደሚፈስ ሳዳምጥ ነበር! ትናንት ጠርተው አሳዩኝ። ሽፋኑና ጡንቻው መሐል ያለው ቀበቶ ከአሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር ካለፈ ያጠራጥራል አሉ፤ የኔ አሥራ ሰባት ነው። የምስሏ ሴትዮ ያሳየችኝ ነጠብጣቦችም ቁልጭ ብለው አሉ። ካርዴ ላይ "አዴኖማዮሲስ" ብለው ጻፉ፤ "ይጠረጠራል" የሚለውን አልጻፉም። ሆርሞን ያለው ሉፕ ማህፀኔ ውስጥ ያስገቡልኛል፣ ደሙን ይቀንሳል አሉ፤ ስድስት ወር እናያለን። "ካልሠራስ?" አሉኝ። "ያኔ መጥቼ እፈርማለሁ፤ የምፈርመውን አውቄ" አልኳቸው። የኦፕራሲዮኑን ወረቀት ለምኜ ተቀብዬ እዚያው ፊታቸው ቀደድኩት። ልጅነት ነው፣ አውቃለሁ፤ ደስ ብሎኛል።

ይቅር በይኝ ላልሽው። ይቅርታ የምንጠያየቅበት ነገር የለንም። አሞኝ ስጮህ አንቺ የራስሽን ሕመም ውጠሽ ነበር የምትጮኺብኝ። እሱ ግን አንጀቴን በላው። ሃያ ዓመቴ ነበር ያኔ። "ሐሞት ነው" ስትይኝ ብርቱካን ይዤ መጣሁ፣ አልጋሽ ላይ ተቀምጬ ስለ ራሴ ሳወራ ዋልኩ። አንድ ጥያቄ አልጠየቅኩሽም። ስለዚህ አሁን፣ ዘግይቼም ቢሆን፣ እጠይቅሻለሁ፦ አሞሽ ነበር? በጣም አሞሽ ነበር ወይ እትዬ?

ሚጢ

የካቲት 27

ሚጢዬ፣

አዎ። በጣም አሞኝ ነበር።

ይህን መስመር ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። መሥሪያ ቤት መታጠቢያ ክፍሉን ቆልፌ፣ ወለሉ ላይ ተኝቼ፣ ፎጣ ነክሼ ነበር የማሳልፈው። ሲያልፍልኝ እጄን ታጥቤ ወደ ጠረጴዛዬ እመለሳለሁ። "ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ የገረጣው?" ያለኝ ሰው ቢኖር ምናልባት እናገር ነበር፤ ምናልባትም አልናገርም፣ እንግዲህ ማን ያውቃል።

ለእማዬ ትናንት ነገርኳት። አልተቆጣችኝም። "አሥራ አራት ዓመት ብቻሽን?" አለችኝ። ከዚያ ስልኩን ይዛ አለቀሰች፣ እኔም።

አለቃዬ ደግሞ ጠርተውኝ "ካርቶኑን ክፈቺ ብሎ ማን ፈቀደልሽ?" አሉኝ። "ማንም" አልኳቸው። ማስጠንቀቂያ ይጻፍብሻል ቢሉኝ "ይጻፍ፤ ቁጥሩንም ከጎኑ ጻፉት፣ ሠላሳ አራት" ብዬ ወጣሁ። እስካሁን አልጻፉም። ስምንቱንም ካርቶን ጠረጴዛዬ ላይ ደርድሬያለሁ፤ ማንሳት የፈለገ መጥቶ ያንሳ።

ክኒንሽን እንዳታቋርጪ፤ ሉፑ ሥራውን እስኪጀምር ወራት ይፈጃል፣ መጀመሪያ ላይ ቢያደማሽ እንዳትደነግጪ።

በስልክ መልእክትሽ ቅዳሜ እመጣለሁ ብለሻል። ነይ። ሙሉውን እነግርሻለሁ፣ ካልኩሽም ያላልኩሽ ይበዛል። አንድ ነገር ብቻ፦ ስጨርስ አታጽናኚኝ። አብረሽኝ ተናደጂ።

እትዬ